ዋቢ ሲቆጠር

ይህ ለጀማሪ መምህራንና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካክቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜያችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ።

በዚህ ሳምንት ጽሑፎቻችን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚቆጥረውን የጉግል ስኮላር ገጹን ከፍቶ «ስንት ደረሰልኝ?» ብሎ ያየ ሰው እጁን ያውጣ። ብዙ ናችሁ። እኔም አይቻለሁ፤ ማክሰኞ ማታ። ሁለት ጨምሮልኛል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም። ሰው ለዓመታት የለፋበትን ነገር ሌላ ሰው ሲያነሣለት ደስ ይላል። ግን ያ ቁጥር ዛሬ ደስ ከማሰኘት አልፏል። የማዕረግ ዕድገት ይወስናል። የምርምር ገንዘብ ማን እንደሚያገኝ ይወስናል። ውጭ አገር ማን እንደሚቀጠር ይወስናል። ስለዚህ ምን እንደሚቆጥር፣ ምን እንደሚዘል በደንብ እንወቀው።

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛ በጽሑፍ መጨረሻ የምንደረድረውን «ዋቢ» እንለዋለን። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ። ዋቢ ዋስ ማለት ነው። መከታ፣ መጠጊያ ማለትም ነው። ሙግት ላይ ዋስ የጠራ ሰው «ብቻዬን አይደለሁም፤ ይኸው የሚቆምልኝ ሰው» ማለቱ ነው። ዋስ የሆነውም እንዲሁ በዋዛ አይሆንም። ነገሩ ቢበላሽ ይጠየቅበታል። አንድ ተመራማሪ እኔን ዋቢ ሲያደርገኝ እንደዚያ ያለ እምነት የጣለብኝ ይመስለኛል። ማክሰኞ ማታ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

የሳይቴሽን፣ ማለትም የመጠቀስ፣ ቆጠራ ራሱ ከሙግት ነው የተወለደው። በ1873 ኢሊኖይ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ፍራንክ ሼፐርድ የሚባል ሰው ለጠበቆች አንድ አገልግሎት ጀመረ። የአሜሪካ ጠበቃ ሲከራከር የቀድሞ የፍርድ ውሳኔ ይጠቅሳል። ያን ውሳኔ ግን በኋላ ሌላ ፍርድ ቤት ሽሮት ሊሆን ይችላል። ጠበቃው ይህን ካላወቀ ጉድ ይሆናል። የሼፐርድ መዝገብ እያንዳንዱ ውሳኔ ከዚያ ወዲህ የት የት እንደተጠቀሰ ያሳየዋል። ጸንቶ እንደሆነ፣ ተሽሮ እንደሆነ በምልክት ይነግረዋል።

አሜሪካዊው የመረጃ ሳይንስ ሰው ዩጂን ጋርፊልድ ይህን አየና «ለሳይንስስ ለምን አይሠራም?» አለ። በ1955 «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ላይ ሐሳቡን ጻፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ ያሳሰበው ከተመራማሪ ተመራማሪ ማን ይበልጣል የሚለው አልነበረም። አንድ ሰው የቆየ ጽሑፍ ከመጥቀሱ በፊት በዚያ ጽሑፍ ላይ የተሰነዘረውን ትችት እንዲያገኝ ነው የፈለገው። የተጭበረበረ፣ የጎደለ ወይም ጊዜው ያለፈበት መረጃ ማንም ሳያጣራው ከእጅ ወደ እጅ እንዳይሄድ። በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ባቋቋመው ተቋም የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስን ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዌብ ኦቭ ሳይንስ የምንለው የመረጃ ቋት ከዚያ የመጣ ነው።

የጠበቆቹ ምልክት ግን መንገድ ላይ ቀረ። ጸና፣ ተሻረ የሚለው ጠፋና መጠራቱ ብቻ ይቆጠር ጀመር።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቹ «ላንሴት» በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ 12 ልጆችን ያየ ጽሑፍ አወጡ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ነበር። ብዙ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ቀሩ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። የዚያ ጽሑፍ የሳይቴሽን ቁጥር ግን ትልቅ ነው። ከጠቀሱት ብዙዎቹ የጠቀሱት ስህተት መሆኑን ለመናገር ነው። ቆጣሪው ይህን አይለይም። ለእሱ አንድ ሰው «እዩት፣ ይህ ሰው አሳስቶናል» ቢልም፣ «ይህ ሰው መንገድ አሳየን» ቢልም፣ ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው። ዋስ ተብሎ የተጠራና ተከሳሽ ሆኖ የተጠራ በአንድ ዓምድ ይደመራሉ።

እሺ፣ የአንድን ተመራማሪ ሥራ በአንድ ቁጥር ወደሚለካው ኤች-ኢንዴክስ እንሂድ። ይህን በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ ነው፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የፊዚክስ ሊቅ። ስሌቱ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። ጽሑፎቻችሁን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምራችሁ ወደ ታች ደርድሩ። ከላይ ቁጠሩ። የጽሑፉ ተራ ቁጥር ከተጠቀሰበት ብዛት ሲበልጥ ቁሙ። ከዚያ በፊት ያለው ተራ ኤች-ኢንዴክሳችሁ ነው።

አንዲት ተመራማሪ 6 ጽሑፎች አሏት እንበል። 40፣ 18፣ 9፣ 5፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። አራተኛው 5 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ያልፋል። አምስተኛው የተጠቀሰው 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ አያልፍም። ኤች-ኢንዴክሷ 4 ሆነ። ባልደረባዋም 6 ጽሑፎች አሉት፦ 7፣ 6፣ 6፣ 5፣ 5 እና 3። የእሱ 5 ነው። አሁን ደምሩ። የእሷ 77፣ የእሱ 32። በድምር እሷ ከእጥፍ በላይ ትበልጠዋለች። በኤች-ኢንዴክስ እሱ ይቀድማል። ታዲያ ማንን እናሳድግ? አንድም ጽሑፋቸውን አላነበብንም እኮ። ርዕሱን እንኳ አልነገርኳችሁም።

ሂርሽ በዚያው ጽሑፉ ጥሩ አድርጎ አስጠንቅቆ ነበር። የአንድን ሰው ብዙ ገጽታ ያለው ሥራ አንድ ቁጥር በግምት እንጂ አይገልጸውም ብሏል። ለፊዚክስ ደግሞ ግምት አስቀመጠ። በትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት 12 ያህል፣ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት 18 ያህል። ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ረሱ፤ 12 እና 18ን ያዙ። ከፊዚክስ አውጥተውም ወደ ሌላው ትምህርት ክፍል ወሰዱት። የሒሳብ ሰው አንድ ነገር ለማረጋገጥ ዓመታት ይቆያል፤ የሚጠቅሰውም ጥቂት ነው። የሕክምና ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ በርካታ ጸሐፊ፣ በርካታ ዋቢ አለው። በፊዚክስም ውስጥ ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2015 በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ያሉ ሁለት ቡድኖች የሂግስ ቅንጣትን ክብደት አስመልክተው አንድ ጽሑፍ ሲያወጡ የጸሐፊዎቹ ብዛት 5,154 ነበር። ያ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ሲጠቀስ ለ5,154 ሰው አንድ አንድ ይጨመራል። እነዚህን ሰዎች ጫካ ገብታ ብቻዋን ዕፅዋት ከምትለቅም ሴት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ልክ አይደለም።

ስለ ኢምፓክት ፋክተር ብዙ አልልም። እሱ የጆርናል ቁጥር ነው፤ የሰው አይደለም። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ይኸው ነው። አማካይ ደግሞ ያታልላል። አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የሚባል ጆርናል በ2008 ኢምፓክት ፋክተሩ 2.051 ነበር። በ2009 በአንድ ጊዜ 49.926 ደረሰ። ያደረሰው አንድ ጽሑፍ ነው። ጆርጅ ሼልድሪክ ሼልኤክስ ስለተባለው ሶፍትዌሩ የጻፈው፣ ሶፍትዌሩን የተጠቀመ ሁሉ የሚጠቅሰው ጽሑፍ። በዚያ ዓመት በዚያ ጆርናል ላይ ያሳተመ ሌላ ሰው «50 በሚጠጋ ጆርናል ላይ አሳተምኩ» ቢል አልዋሸም። ስለ እሱ ሥራ ግን ምንም አልነገረን።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለእኛ ሰው ቆጠራው ገና ከስማችን ላይ ይበላሻልና።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ከስሜ ቀጥሎ ያለው የአባቴ ስም ነው። መረጃ ቋቶቹ ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ነው የተሠሩት። ስለዚህ ሥራዬ በሙሉ በአባቴ ስም ተመዝግቧል። የእኔ ስም አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። በማያውቃቸው አገሮች ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሳይ ልቤ ይሞላል። ይህን ደስታ ማንም አይወስድብኝም። ችግሩ የእሱ ስም የሺህ ሰው አባት ስም መሆኑ ነው። «ከበደ፣ አ.» ብላችሁ ፈልጉ። አበበ ነው? አልማዝ ናት? አስቴር ናት? ሐኪም ነው ወይስ የአፈር ተመራማሪ? ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሴን ገጽ ሳየው ቁጥሬ ባንድ ጊዜ ዘሎ አገኘሁት። ከፍቼ ሳየው ስለ ከብት በሽታ የተጻፉ አራት ጽሑፎች ገብተውበታል። እኔ የውሃ ሰው ነኝ። ከብት መርምሬ አላውቅም። አጥፍቻቸው ቁጥሬ ወረደ። የእኔስ ተስተካከለ። የዚያ የእንስሳት ሐኪም ጽሑፎች ግን ከእሱ ገጽ ጎድለው ስንት ጊዜ ቆይተው ይሆን? በእነዚያ ወራት ለዕድገት አመልክቶ ቢሆንስ?

አጻጻፋችን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዮሐንስን በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንጽፈዋለን? አንዱ በዋይ ይጀምራል፤ ሌላው በጄ። አንዱ ኤችን ያስገባል፤ ሌላው ይተዋል። ገብረ ሥላሴ የሚባል አባት ያለው ሰው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ላይ ሲጻፍ አንድ ሰው ነው። ተለያይቶ ሲጻፍ ማሽኑ «ገብረ»ን መካከለኛ ስም አድርጎ «ሥላሴ» በሚል ቤተሰብ ስም ይመዘግበዋል። በኢትዮጵያ ጥናት የሠሩ ምሁራን ልማዳችንን አክብረው ሰውን በራሱ ስም ይደረድሩታል። ታደሰ ታምራትን «ታደሰ» ብለው፣ ባሕሩ ዘውዴን «ባሕሩ» ብለው። ትክክሉም እሱ ነው። ሌላው ጸሐፊ ግን «ታምራት»፣ «ዘውዴ» ብሎ ይጠቅሳል። አንድ ሰው ለሁለት ይከፈላል። ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ ሲከፈል ይጎዳል። 10 ጽሑፍ ያለው ሰው አምስት አምስት ሆኖ ለሁለት ስም ከተከፈለ፣ አንዱም ስም ከ5 ማለፍ አይችልም።

ስለዚህ ገና ጀማሪ የሆናችሁ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። ስማችሁን በላቲን እንዴት እንደምትጽፉት ወስኑና እስከ ጡረታ አትቀይሩት። ሁለተኛ፣ ኦርኪድ የሚባለውን ቁጥር አውጡ። በ2012 የተጀመረ ነው። 16 አኃዝ አለው። ነፃ ነው። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ጽሑፍ ስትልኩ ቁጥሩን አብራችሁ ስጡ። ከዚያ ወዲያ አልማዝን ከአበበ የሚለይ ነገር ይኖራል። ፓስፖርት ላይ ያለውን ስም ከዲግሪው ስም ጋር ለማመሳሰል የተንገላታ ሰው የምለው ይገባዋል።

ስለ ማጭበርበር ባጭሩ ልናገር። በ2010 ሲሪል ላቤ የተባለ የግሬኖብል ተመራማሪ የሌለ ሰው ፈጠረ። ስሙን አይክ አንትኬር አለው። መቶ ያህል ትርጉም የለሽ ጽሑፎችን በኮምፒውተር አመረተለት፤ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ አደረገ። በጉግል ስኮላር የአይክ አንትኬር ኤች-ኢንዴክስ 94 ደረሰ። ላቤ ይህን ያደረገው ቀዳዳውን ለማሳየት ነው። ሌሎች ግን ከልባቸው ያደርጉታል። «ጥቀሰኝ፣ ልጥቀስህ» የሚባባሉ አሉ። ጽሑፋችሁን ሲገመግም «እነዚህን አምስት ጽሑፎች ጨምሩ» የሚል ገምጋሚ አለ፤ አምስቱም የራሱ ናቸው። ማንም ሳያነበው በክፍያ የሚያወጡላችሁ ጆርናሎችም አሉ። ወጣቶች ቸኩለው እዚያ ሲገቡ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የዕድገት ቅጹ ቁጥር ጠየቃቸው፤ ቁጥር ይዘው መጡ። እናንተ ግን ግቡበት አልላችሁም። ስማችሁ አንዴ እዚያ ከገባ መውጫው ከባድ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ዋቢ ውስጥ ጭራሽ ስለማይገባ ሥራ ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ቢልሃርዝያን እያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሆድ ያድጋል። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተር አክሊሉ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብለው ሲያዩ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ከዚህች እይታ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የእሳቸውን ጽሑፎች የጠቀሰ ይቆጠርላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ግን አስቡት። እንዶድን ከእናቶቻቸው ተምረው ወንዝ ያወረዱት ሴቶች በየትኛው ዋቢ ዝርዝር ይገባሉ? የጥናቱ መነሻ እጃቸው ነበር።

ሌላ ልጨምር። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ አወጣ። ነጭ ነው፤ ምርቱም ጥሩ ነው። በብዙ ገበሬ ማሳ ተዘርቷል። ዛሬ ቁርስ ላይ ከእናንተ አንዳችሁ በልታችሁት ሊሆን ይችላል። ቁንጮን የዘራ ገበሬ ዋቢ አይጽፍም። እንጀራ የጋገረችው እናት አትጠቅስም። ዝርያውን ለማውጣት ሲያዳቅሉ የከረሙት ሰዎች ልፋት ማሳ ላይ ይታያል፤ ስኮፐስ በሚባለው መረጃ ቋት ላይ የሚታየው ከዚያ ውስጥ ቁራሹ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ የጥናት ጽሑፍም እንዲሁ ነው። የወረዳ ባለሙያ ያነበዋል፤ ይሠራበታል፤ ትልልቆቹ መረጃ ቋቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቁትም።

የጊዜም ነገር አለ። የባዮኬሚስትሪ ሊቋን ካታሊን ካሪኮን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1995 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከነበረችበት ደረጃ ዝቅ ተደረገች። በ2005 ከድሩ ዋይስማን ጋር ያወጣችው ጽሑፍ በወቅቱ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ከ15 ዓመት በኋላ በዚያ ሥራ ላይ የቆመ የኮቪድ ክትባት ዓለምን አዳረሰ። በ2023 ኖቤል ተሸለሙ። በ2006 የእሷን ፋይል የያዘ የዕድገት ኮሚቴ ቁጥሩን ብቻ ቢያይ ምን ይወስን ነበር?

«ታዲያ ቁጥሩን እንጣለው?» ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ቁጥር ባይኖር ደግሞ ዝምድና አለ፤ ትውውቅ አለ፤ «የእኛ ልጅ» አለ። ለማንም የማይታወቅ ጎበዝ ልጅ «ይኸው፣ ሥራዬን በማላውቀው አገር ያሉ ሰዎች ተጠቅመውበታል» ብሎ የሚከራከርበት ነገር ያስፈልገዋል። እኔ የምለው ቁጥሩ በር ያንኳኳ፤ ውስጥ ገብቶ አይፍረድ ነው። ይህን በማለት የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችና አዘጋጆች የጆርናልን ኢምፓክት ፋክተር የሰው መመዘኛ አታድርጉት ብለው መግለጫ አውጥተዋል። ቻይና እንኳ በ2020 ተቋማቷ በሳይቴሽን ኢንዴክስ ጽሑፎች ብዛት ላይ እንዳይንጠለጠሉ መመሪያ ሰጥታለች።

በአንድ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። አንድ አመልካች ነበር። ጽሑፎቹ ጥቂት ናቸው። በአጠቃላይ የተጠቀሰው 11 ጊዜ ነው። ቅጹ ላይ ያለውን ዓምድ ስንሞላ ነጥቡ ከሚያስፈልገው በታች ሆነ። አንዱ ባልደረባዬ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል አንዲት ገጽ ወደቀች። ማህተም ያለባት፣ በአማርኛ የተጻፈች ደብዳቤ ናት። ከአንድ ወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት የመጣች። ልጁ በስምጥ ሸለቆ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ሲለካ ነበር። ደብዳቤዋ በጥናቱ መሠረት ሦስት ጉድጓዶች ለመጠጥ እንዳይውሉ መደረጉን ትናገራለች። የልጆች ጥርስ ቡኒ እየሆነ አስቸግሮን ነበር፣ ትላለች፤ ወላጆችም ምስጋናቸውን አብረው ልከዋል።

ኮሚቴው ዝም አለ። ይህች ደብዳቤ ስንት ነጥብ ናት? ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየነው። የምትገባበት ዓምድ የለም። ከዚያ የሰበሰብነውን ቁጥር ወደ ጎን አድርገን ያን ቀን ከሰዓት ሦስቱን ጽሑፎቹን ተከፋፍለን አነበብናቸው። አንብበን ስንጨርስ ሊቀመንበራችን ቅጹን ገለበጡት። ባዶው ጀርባ ላይ ስለ ሦስቱ ጉድጓዶች በእጃቸው ጻፉ። ሁላችንም ፈረምንበት።

ለጥያቄ ጊዜ አለን። ከኋላ ካሉት ልጀምር።